ስምንተኛዋ ስንኝ የት ሄደች? «ደንገል» ለተባለችው ግጥም ትችት የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት «ደንገል» ስለተባለች አጭር ግጥም የተጻፈ ትችት አነበብኩ። ደንገል በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ታንኳ የሚታሰርበት ተክል ነው። ግጥሟን የጻፈችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስሟን እንዳላነሳ ስለጠየቀችኝ ገጣሚዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። መጀመሪያ የሰማኋት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። መሽቶ ነበር። ሃያ የማንሞላ ሰዎች ተሰብስበን ተራ በተራ እናነባለን። ከዚያ ወዲህ ግጥሟ በስልክ ከሰው ሰው ስትዞር ከረመች። ተቺውም ያገኟት በዚያ መንገድ ይመስለኛል።

የትችቱ ጸሐፊ ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ለአንዲት ስምንት ስንኝ ግጥም ይህን ያህል ገጽ መስጠታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን የጻፉት አብዛኛው ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ምጣኔው ተሰብሯል። ሰምና ወርቅ የለውም። ስለ ዓለም አላፊነት ለመናገር ታንኳ ትንሽ ነገር ነው። ሐይቁን እንደ ሰው ማድረግ ያረጀ ዘዴ ነው። መልእክቱ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ነው። አንድ በአንድ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ግጥሟ ሙሉዋን ትቀመጥ።

ከጣና ዳር ቆርጦ ደንገሉን አሰረ፤
ታንኳ ሆነለትና ውሃ ተሻገረ፤
ኃላፊ ነኝ አለ መቅዘፊያ ይዞ፤
ጣናም ይሰማዋል ዝም ብሎ ተክዞ፤
ቀን በቀን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ፤
ተሸካሚው ከብዶ ሸክም ሆኖ መጣ፤
ታንኳው...              ኃላፊው አለፈ፤
ሥሩ ግን ከዳሩ ለሌላ ተረፈ።

ከምጣኔው ልጀምር። ጸሐፊው «ገጣሚዋ መቁጠር አትችልም» ብለዋል። ማስረጃቸው ሁለት ነው። ሁለተኛዋ ስንኝ «ስምንት ለስድስት» ሆናለች፤ ሰባተኛዋ ደግሞ ጨርሶ ፈርሳለች።

ስለ ሁለተኛዋ ያሉት በቀላሉ ይፈታል። ጸሐፊው የቆጠሩት ፊደል ነው። «ታንኳ ሆነለትና» በፊደል ስምንት ነው፤ እውነት ነው። ግጥም ግን በጆሮ ነው የሚቆጠር። ታን፣ ኳ፣ ሆ፣ ነ፣ ለት፣ ና። ስድስት። «ውሃ ተሻገረ» እሱም ስድስት። ሳድስ ፊደል ከፊቱ ያለው ላይ ሲጣበቅ ለብቻው ምት አይሆንም። «ዳር» ሁለት ፊደል ነው፤ ምቱ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያዋን ስንኝ ጮክ ብለው ይበሏት። ከ፣ ጣ፣ ና፣ ዳር፣ ቆር፣ ጦ። ደን፣ ገ፣ ሉን፣ አ፣ ሰ፣ ረ። ስድስት በስድስት። ይህ የወል ቤት የምንለው የግጥም ምጣኔ ነው። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ይሄዳል፤ ቡሄ በሉ አራት በአራት። የወል ቤት ስሙም እንደሚለው የሁላችን ነው። ቆጥሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ሲጎድል ጆሮው ያውቀዋል።

ይህ የጆሮ ነገር ነው ወደ ሰባተኛዋ ስንኝ የሚወስደኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የግጥሟ ልብ ያለው እዚህ ነው።

«ታንኳው» ሁለት ምት ነው። ታን፣ ኳው። ከዚያ ባዶ። አራት ምት ጎድሏል። ቀጥሎ «ኃላፊው አለፈ» ስድስቱን ሞልቶ ይመጣል። ጸሐፊው ይህን ለማቃናት ራሳቸው መድኃኒት አቅርበዋል። «ታንኳው ሰጠመና ኃላፊው አለፈ» ቢባል ልክ ይመጣ ነበር ብለዋል። ቁጥሩ በእርግጥ ልክ ይመጣል። ስድስት በስድስት ነው፤ አንዲት ምት አትጎድልም። ግጥሙ ግን እዚያው ላይ ይሞታል።

ያን ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ገጣሚዋ ስድስቱን ስንኞች ሳትቸኩል፣ ሳታንቀራፍፍ አነበበች። ጆሯችን ስድስት በስድስት ለመደ። ከዚያ «ታንኳው» አለችና ዝም አለች። ወረቀቱን እያየች ነው። የረሳች መሰለን። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሲኒውን አንስቶ አፉ ሳያደርሰው አቆመው። አራቱ ምት በዝምታ አለፉ። ከዚያ «ኃላፊው አለፈ» አለች። ታንኳው የት እንደገባ ማንም መንገር አላስፈለገውም። መስጠሙን ቃል አልነገረንም። የጎደለው ቦታ ነው የነገረን። «ሰጠመና» የሚለው ቃል ቢገባ ኖሮ ጉድጓዱን ደፍኖ የታንኳውን መስጠም ወሬ ያደርገዋል። አሁን ግን እኛም አብረን ነው የሰጠምነው።

ይህ እንዲሠራ ሌሎቹ ሰባት ስንኞች ሙሉ መሆን አለባቸው። ሙሉ ናቸው። ሦስት ቦታ ብትሰብረው ሰባተኛዋ ምንም አትሆንም ነበር። መቁጠር የማይችል ሰው አንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም ታንኳው በሚሰጥምበት ቦታ ላይ አይሳሳትም።

ጸሐፊው ስለ አላፊነት የተጻፈ «እውነተኛ ግጥም» ምሳሌ አድርገው የእንግሊዛዊውን የሼሊን «ኦዚማንዲያስ» ጠቅሰዋል። በ1818 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ነው። በረሃ ውስጥ ተሰብሮ ስለወደቀ የንጉሥ ሐውልት ይናገራል። ኦዚማንዲያስ ግሪኮች የግብፁን ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስን የጠሩበት ስም ነው። ግጥሙን እኔም እወደዋለሁ። ለክርክራቸው ግን አይረዳቸውም። «ኦዚማንዲያስ» ሶኔት ነው፤ 14 ስንኝ። ሶኔት ደግሞ ጥብቅ የቤት አመታት ሥርዓት አለው። ሼሊ የጣሊያኖቹንም የእንግሊዞቹንም ሥርዓት አልተከተለም። ቤቱ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እየገባበት፣ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ስለ መፍረስ የሚያወራ ግጥም ቅርጹም ከውስጥ መፍረስ ይጀምራል። ጸሐፊው በሼሊ ያደነቁትን በባሕር ዳሯ ገጣሚ ላይ ጥፋት ማለት አይችሉም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። «ሰምና ወርቅ የለውም፤ ተራ ትረካ ነው» ተብሏል። እዚህ ላይ በጣም ገረመኝ። ጎጃም ታዋቂው የዋሸራ ቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት አገር ነው። እዚህ ያደገ ሰው «ኃላፊ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ዝም ብሎ ያልፋል?

«ኃላፊ ነኝ አለ መቅዘፊያ ይዞ»። ሰሙ ግልጽ ነው። ቀዛፊው «እኔ ነኝ አዛዡ፣ ታንኳው በእኔ እጅ ነው» ይላል። ወርቁ ሌላ ነው። ኃላፊ ማለት የሚያልፍ ማለትም ነው። «ኃላፊ ጠፊ ዓለም» የምንለው እሱ ነው። በሰዋስው ትምህርት «ኃላፊ ጊዜ» የምንለውም እሱ ነው። ሰውዬው ሥልጣኑን የተናገረ መስሎት አሟሟቱን ተናገረ። በአንድ ቃል፣ በገዛ አፉ። የእኛ ቋንቋ ሹሙንና አላፊውን በአንድ ስም ይጠራል። ገጣሚዋ ይህን አልፈጠረችውም። በየቢሮው በር ላይ ተጽፎ በየቀኑ እናነበዋለን። እሷ ያደረገችው ከበሩ ነቅላ ታንኳ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ነገሩን ከ«ኦዚማንዲያስ» ጋር አስተያዩት። እዚያ ንጉሡ በሐውልቱ ሥር «ሥራዬን አይታችሁ ተስፋ ቁረጡ» የሚል ቃል አስጽፏል። ለኃያላኑ ነው የሚናገረው። ትርጉሙ «አትደርሱብኝም» ነው። ዙሪያው አሸዋ ከሆነ በኋላ ግን ያው ቃል ሌላ ይላል። «እኔ እንዲህ ከሆንኩ እናንተማ» ይላል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ጊዜ ነው ወርቁን ያወጣው። ቀዛፊው «ኃላፊ ነኝ» ሲልም የሆነው ይኸው ነው። ሼሊ ሺህ ዓመታትና በረሃ አስፈለገው። አማርኛ አንድ ቃል ይበቃዋል።

ሁለተኛ ኅብረ ቃልም፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ አለ። ይኼኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው። «ጣናም ይሰማዋል»። ሲላላ አንብቡት። ሐይቁ የሰውዬውን ፉከራ ያዳምጠዋል። አሁን ደግሞ «ሰ»ንና «ማ»ን አጥብቃችሁ አንብቡት። ሐይቁን ይሰማዋል፤ ያመዋል፤ አንጀቱ ይላወሳል። ፊደላችን ጥብቅና ላላን አይለይም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ገጣሚዋ ያን ማታ አላልታ አነበበችው። ጠብቆ ሊነበብ እንደሚችል ያስተዋልኩት ቤት ገብቼ በስልኬ ሳየው ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጣቸው። ሰባተኛዋ ስንኝ ላይ «ኃላፊው አለፈ» ሲባል ወርቁ አደባባይ ይወጣል። «አለፈ» የሚለው ቃል «ኃላፊ»ን ይፈታዋል። የቅኔ መምህር ቢሰማ «ምነው ባልፈታሽው» ይል ይሆናል። እኔም ብሆን ሌላ ግሥ እመርጥ ነበር። ለገጣሚዋ ነግሬያት «በልጅ የሚነበብም እንዲሆን ነው» አለችኝ። ምክንያቷን እቀበላለሁ፤ ምርጫውን ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም።

ሦስተኛው ነጥብ ያበሳጨኝ ነው። ጸሐፊው «ጣና ላይ እየኖረች፣ ነገሥታት ያረፉበት ዳጋ እስጢፋኖስ እያለላት፣ ስለ ደንገል ጀልባ ትጽፋለች» ብለዋል። በዳጋ ገዳም ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን እንዳለ እናውቃለን። ጎንደርን የቆረቆረ ንጉሥ በደሴት ላይ በሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ስለ አላፊነት ለሚጽፍ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን እያከበርኩ ነው የምናገረው። ገጣሚዋ ሴት ናት። በጀልባ ብትሄድም ደሴቱን ከውሃው ላይ ሆና አይታ ትመለሳለች። ያላየችውን ሣጥን እንዳየች አድርጋ ከምትጽፍ በየቀኑ የምታየውን መጻፏ ለእኔ ታማኝነት ነው።

ደግሞስ ታንኳ በምን ትንሽ ሆነ? ጸሐፊው ደንገል በእጃቸው ይዘው ያውቁ እንደሆን እጠራጠራለሁ። ግንዱ ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ጣት ሲያልፍበት ጠርዙ ይሰማል። ላዩ አረንጓዴና ልስልስ ነው። ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ሲጫኑት ይገባል። ያ ነጩ ውስጥ በአየር የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ውሃ የሚጠጣውም እሱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ያንሳፈፈውና የሚያሰጥመው አንድ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ቀጥ ተደርጎ የሚቆመው። ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይ ያገኘዋል። ጠዋት በሐይቁ ዳር ስትሄዱ ተደግፈው የቆሙ ታንኳዎች ታያላችሁ። ከሥራቸው መሬቱ ጠቁሯል፤ ረጥቧል። አሠራሩን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ ወገን ሲመጣ ከሩቅ ውሃው ላይ የሚሄድ ክምር ነው የሚመስለው፤ ሰውዬው የተቀመጠበት አይታይም። ታንኳ ብዙ አይቆይም። በየጊዜው አዲስ ይታሰራል። ሠሪው ሲያስር ጀምሮ እንደሚያልፍ ያውቃል።

አሁን አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን ስንኝ መልሳችሁ አንብቡ። «ቀን በቀን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ፤ ተሸካሚው ከብዶ ሸክም ሆኖ መጣ»። ይህ ማጋነን አይደለም፤ በእርግጥ የሚሆነው ነው። ተሸካሚ የነበረው ሸክም ይሆናል። እናቱን በእርጅናዋ ያስታመመ ሰው ይህችን ስንኝ ማንም ሳያብራራለት ያውቃታል። በጀርባዋ ያዘለችህ ሰው አንድ ቀን በእጅህ ትነሳለች። እኔ ይህችን ስንኝ ስሰማ ያሰብኩት ንጉሥ አልነበረም። እናቴን ነው።

የሰውኛ ዘይቤው ነገር ብዙ አያቆየኝም። ሐይቁ «ይሰማዋል»፣ «ተክዞ» መባሉን ጸሐፊው ያረጀ ዘዴ ብለውታል። ዘዴው አሮጌ ነው፤ እውነት ነው። ሙሾ አውራጅም ወንዙን ታስለቅሳለች። ጥያቄው እዚህ ቦታ ላይ ምን ሠራ የሚለው ነው። ግሦቹን ተራ በተራ ተመልከቱ። አሰረ፣ ተሻገረ፣ አለ፣ መጣ፣ አለፈ፣ ተረፈ። ዐረፍተ ነገሮቹን የሚዘጉት ድርጊቶች ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ናቸው። አንድ ብቻ ይለያል። «ይሰማዋል»። ሰው ሁሉ፣ ታንኳው፣ ቀዛፊው ባለፈ ጊዜ ውስጥ ናቸው። ሐይቁ ብቻ አሁንም እየሰማ ነው። ሐይቁን ሰው ያደረገችው ለማስዋብ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሰማው» ብላ ማለፍ ትችል ነበር።

የመጨረሻው ክስ ትልቁ ነው። «ግጥሙ ወጣቱን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው ብሎ ያሳምናል፤ ሰጠመ፣ አለፈ፣ አለቀ ብሎ ይዘጋል» ተብሏል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ትችቱ ተመልሼ የተጠቀሱትን ስንኞች ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ጸሐፊው ከመጀመሪያዋ እስከ ሰባተኛዋ ጠቅሰው ከ«ኃላፊው አለፈ» በኋላ አራት ነጥብ አድርገዋል። ገጣሚዋ ግን እዚያ ላይ ያደረገችው ድርብ ሠረዝ ነው። ስምንተኛዋ ስንኝ የለችም። ምናልባት በስልክ ስትዞር ተቆርጣ ደርሳቸው ይሆናል። ሆን ብለው ነው አልልም። ግን ባለ ቤት መምቻ ግጥም ለሚያነብ ሰው «አለፈ» ብቻዋን መቅረቷ ሊያጠራጥር ይገባ ነበር። «ፈ» ጓደኛዋን ትፈልጋለች። አሰረ፣ ተሻገረ። ይዞ፣ ተክዞ። እየጠጣ፣ መጣ። አለፈ... ብሎ የሚቆም ግጥም በአንድ እግሩ ነው የቆመው።

ጓደኛዋ «ተረፈ» ናት። «ሥሩ ግን ከዳሩ ለሌላ ተረፈ»። አለፈ ከሚለው ቃል ጋር ቤት የሚመታው ተረፈ ነው። ሁለቱ በድምፅ መንታ ናቸው፤ በትርጉም ተቃራኒ። ገጣሚዋ ይህን ጥንድ ለመጨረሻ ያቆየችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን እኔም ስምንተኛዋን ስንኝ «አይዟችሁ» የምትል አድርጌ አላቀርባትም። ተስፋ መቁረጥ አይደለችም፤ ማጽናኛም ብቻ አይደለችም። ቀዛፊው አልተረፈም። የእሱ ታንኳም አልተረፈም። የተረፈው ሥሩ ነው፤ ያውም «ለሌላ»። እሱ የማያውቀው ሰው መጥቶ ይቆርጠዋል፤ ያስረዋል፤ ምናልባትም «ኃላፊ ነኝ» ይላል። አላፊነትን የምናየው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ይቀጥላል፤ የእኔ መሆኑ ነው የሚያልፈው። ይህን ከንቱነት ብሎ መጥራት አይቻልም። ከንቱ የሚሆነው ሥር ሳይተርፍ ሲቀር ነው። የቅኔ ተማሪም ይህን ያውቃል። ትናንት የዘረፈውን ዛሬ አይደግመውም። በየቀኑ አዲስ ነው። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናውም ስምንት ቤት መወድሱም ተብሎ ያልፋል። የሚተርፈው የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል ውስጥ «ስለ እምቦጭ እንኳ አንድ ቃል የላትም» ብለዋል። እንደ ሌላ ጥፋት ነው የቆጠሩት። ቃሉ የለም፤ ልክ ነው። ግን «ከዳሩ» የሚለውን ቃል የባሕር ዳር ሰው እንዴት ነው የሚሰማው? ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ ከታየ። ደንገሉ የነበረበት ዳር ደግሞ ብዙ ቦታ ታርሷል። ልጅ ሆኜ ቁመቴን የሚያጥፍ ደንገል ያየሁበት ዳር ላይ አሁን ጤፍ አለ። ስለዚህ «ሥሩ ከዳሩ ተረፈ» ስትል እኔ እፎይ አልልም። ዳሩ ራሱ ይተርፍ ይሆን ብዬ ነው የምጨነቀው። ሰባቱን ስንኞች የሚሸከመው ያ ሥር ነው። ሥሩ ከተነቀለ «ለሌላ» የሚባል የለም። ይህን ሁሉ እምቦጭ የሚል ቃል ሳታስገባ አሳሰበችን። ለዘጋቢ ጉድለት ነው። ለገጣሚ ግን እንዲህ ነው መጻፍ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ግጥሙን አይውደዱት፤ መብትዎ ነው። ሰባተኛዋንም ስንኝ እንደተሰበረች ይቁጠሯት። ነገር ግን ትችትዎን ደግመው ሲያወጡ አራት ነጥቡን አንስተው ድርብ ሠረዟን ይመልሱ። ከሥሯም ስምንተኛዋን ስንኝ ይጻፉልን።